ታዳጊውን ሰጥተህ ፒቸር ከማምጣትህ በፊት

የቤዝቦል ቡድን እየመራህ በውድድር ዘመኑ አጋማሽ ተስፋ የተጣለበትን ታዳጊ ሰጥተህ በምትኩ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ልታመጣ ካሰብክ፣ መጀመሪያ የደረጃ ሰንጠረዡን እይ። ቡድንህ ከመሪው በብዙ ጨዋታ ከራቀ ተወው። ጨዋታ የሚጀምር አንድ ፒቸር ኳስ የሚወረውረው በአምስት ቀን አንዴ ነው፣ ብቻውን ቡድን አይሸከምም።

ቀጥሎ የሚመጣውን ፒቸር ውል ጠይቅ። ታዳጊው ሜጀር ሊግ፣ ማለትም ዋናው ሊግ፣ ከገባ ስድስት ዓመት ያህል ያንተ ነው፣ ያውም አብዛኛውን በርካሽ። ይህን ውሉ በሁለት ወር ለሚያልቅ ፒቸር መስጠት ያንገበግባል። ሂውስተን አስትሮስ በ2017 ሦስት ታዳጊ ሰጥቶ ፒቸሩን ጀስቲን ቨርላንደርን ሲያመጣ ግን ውሉ እስከ 2019 ነበር፤ ዋንጫውንም በዚያው ዓመት በሉ። እንዲህ ከሆነ እኔም እፈርማለሁ።

የታዳጊውን የዘንድሮ ውጤት ብቻ አይተህ አትፍረድ፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በ1987 ዲትሮይት ታይገርስ የ36 ዓመቱን ፒቸር ዶይል አሌክሳንደርን ከአትላንታ አመጣ። ሰውዬው 9 ጨዋታ አሸነፈ፣ አንዴም አልተሸነፈም፣ ዲትሮይትም ቶሮንቶን በ2 ጨዋታ በልጦ ምድቡን ወሰደ፣ ከዚያ ግን በሚኒሶታ ተሸንፎ ወጣ። የሰጡት ልጅ የ20 ዓመት የሚሺጋን ልጅ ነበር፣ በታችኛው ሊግ 4 አሸንፎ 10 የተሸነፈ። ስሙ ጆን ስሞልትዝ። በኋላ 213 ጨዋታ አሸንፎ በ2015 የቤዝቦል ታላላቆች የሚከበሩበት የዝና አዳራሽ ገባ። ስለዚህ ክንዱን ያዩ፣ ሲወረውር ቆመው የተመለከቱ መልማዮችህን አዳምጥ፣ የማትሰጣቸውን ሁለት ልጆችም ድርድር ሳትጀምር ወስን።

በመጨረሻ የሚመጣውን ፒቸር የክርን ምርመራ ሳታይ እንዳትፈርም።