የአበባ መትከያ በኢንተርኔት ስትገዙ ሜትር አይለያችሁ

ፎቶው ላይ በርሜል የሚያክለው የአበባ መትከያ እቤት ሲደርስ ከውኃ ማንቆርቆሪያ የማይበልጥ ሊሆን ይችላል። አጠገቡ ማነጻጸሪያ የሚሆን ነገር ከሌለ ዓይን በቀላሉ ይታለላል። ስለዚህ መጀመሪያ በመግለጫው የተጻፈውን ስፋትና ቁመት ፈልጉ፤ ከዚያ ጋዜጣ በልኩ ቆርጣችሁ መትከያው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ አንጥፉት። ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቀላል እንዳይመስላችሁ! ስፋቱም ቁመቱም 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ መትከያ 6 ሊትር ገደማ አፈር ሲይዝ፣ 30 በ30 የሆነው 21 ሊትር ገደማ ይይዛል። ቲማቲም ለመትከል ያሰበ ሰው ትልቁን ይምረጥ። ልኩ የውጭው ይሁን የውስጡም ጠይቁ፤ ግድግዳው ወፍራም ከሆነ ለሥሩ የሚተርፈው ቦታ ያንሳል።

ጥላውንም ተመልከቱ። የተክሉ ጥላ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ የመትከያው ወደ ሌላ ከወደቀ ምስሉ በኮምፒውተር የተገጣጠመ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ደብዛዛ ቢሆንም እንኳ ገዢዎች ቤታቸው ያነሱትን ፎቶ አምናለሁ።

ከሁሉ በላይ ግን ሻጩ የመትከያውን ታች ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁ። ውኃ የሚወጣበት ቀዳዳ ከሌለው፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ የተክሉን ሥር ያበሰብሰዋል።