የመጀመሪያው ገዢ ዋጋ ሲሰጥ፦ ለአዲስ አበባ ቤት ሻጮች

ቤት እንደሚሸጥ ለደላላ በተነገረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚመጣ ዋጋ ሻጩን ከሁለት ስሕተቶች በአንዱ ላይ ሊጥለው ይችላል። አንዳንዱ ገዢው እንዳያመልጠው ሰግቶ በዚያው ቀን ቀብድ ይቀበላል፤ ሌላው ደግሞ ገዢ እንዲህ ቶሎ ከመጣ ቢቆይ የበለጠ እንደሚያገኝ አስቦ ደኅናውን ሰው ይሸኛል። ሁለቱም የሚሆነው ሻጩ የቀረበለትን ዋጋ የሚመዝንበት የራሱ መለኪያ ሳይኖረው ገበያ በመውጣቱ ነው።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ገዢው ከመምጣቱ በፊት ነው። በአካባቢዎ ቤቶች ስንት እንደሚጠራባቸው ሳይሆን በስንት እንደተሸጡ ይጠይቁ፤ ይህንንም ከደላላ ብቻ ሳይሆን በቅርቡ ከሸጡ ጎረቤቶችና ከገዙ ሰዎች ይስሙ። ሲኤምሲ ያለ ቤት ከሲኤምሲ ቤት ጋር፣ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም በዚያው ሳይት ካለ አቻው ጋር፣ ወለሉም ጭምር ታይቶ ይነጻጸር። የይዞታው ዓይነትም ዋጋ ላይ ይገባል፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ነባር ይዞታ (ያለ ሊዝ ውል የተያዘ ቦታ) ከውርስ ውጭ ለሌላ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ሥሪት፣ ማለትም ቦታው ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በክፍያ ወደሚያዝበት ሥርዓት፣ እንደሚገባ ስለደነገገ፣ ይህን የሚያውቅ ገዢ ወጪውን አስልቶ ነው ዋጋ የሚሰጠው። ብር ከረከሰበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በፊት የተሰማ ዋጋ ደግሞ ዛሬ ለንጽጽር አይሆንም። ይህን ሁሉ ከሰበሰቡ በኋላ ከባለቤትዎ ጋር ተቀምጠው ከዚያ በታች የማትሸጡበትን ዋጋ ወስኑ፤ ለደላላው ግን አይንገሩት፣ ምክንያቱም የሰማው ዝቅተኛ ዋጋ በዚያው ዕለት የመደራደሪያ መነሻ ይሆናል።

ቀጥሎ የሚጠየቀው የመጣው ነገር በእርግጥ ዋጋ ነው ወይ የሚለው ነው። ደላላ ስልክ ደውሎ «ገዢ አለ፣ 15 ሚሊዮን ካሉ ያልቃል» ቢል አብዛኛውን ጊዜ የእርስዎን ስሜት እየለካ ነው። ዋናው ገዢ ራሱ ቤቱን ካላየ፣ የካርታውን ኮፒ ካልጠየቀ፣ ገንዘቡን ከየትና በስንት ጊዜ እንደሚከፍል ካልተናገረ ለቁጥሩ ምላሽ መስጠት አያስፈልግም፤ «ገዢውን ይዘው ይምጡ» ማለት ይበቃል። ከገዢው ጋር ፊት ለፊት መነጋገር ሌላም ጥቅም አለው፤ ሻጩና ገዢው ሳይገናኙ ሲቀሩ በመሃል ያለው ሰው ለአንዱ አንድ ዋጋ፣ ለሌላው ሌላ ዋጋ የመንገር ዕድል ያገኛል።

ዋጋው እውነተኛ ሆኖ ከተገኘ፣ ከጠሩት ዋጋ ምን ያህል እንደራቀ ከማየት ይልቅ በእጅዎ የሚገባውን ያስሉ። ለምሳሌ 18 ሚሊዮን ብር ለጠሩበት ቤት ሁለት ሰዎች ዋጋ ሰጡ እንበል። አንዱ 16 ሚሊዮን ሰጥቶ ስም ሲዛወር ሙሉውን በሲፒኦ (ባንክ ክፍያውን ባረጋገጠው ቼክ) እከፍላለሁ ይላል፤ ሌላው 17 ሚሊዮን ሰጥቶ ግማሹን በባንክ ብድር እንደሚሸፍን ይናገራል። የደላላው ክፍያ 2 በመቶ ከሆነ ከመጀመሪያው 320 ሺህ፣ ከሁለተኛው 340 ሺህ ብር ይቀነሳል፤ ስለዚህ ልዩነቱ አሁንም ሰፊ ነው። ነገር ግን ባንኩ ቤቱን በራሱ መሐንዲስ ያስገምታል፤ ግምቱ ከተስማማችሁበት ዋጋ ካነሰ ገዢው ጉድለቱን ከኪሱ መሙላት አለበት፤ ካልቻለ የጠበቁት ጊዜ በከንቱ አለፈ ማለት ነው። ብድሩ መፈቀዱን የሚገልጽ ደብዳቤ ከባንኩ ካመጣ ሁለተኛው ይሻላል፤ ካላመጣ፣ በተለይ በዚህ ገንዘብ ሌላ ቤት ሊገዙ ያሰቡ ከሆነ፣ እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት ብዙ ገዢዎች መጥተው ሳይከራከሩ ወደ ጠሩት ዋጋ ከተጠጉ ምናልባት የጠሩት ዋጋ አንሷል። በዚህ ጊዜ ለሁሉም አንድ ቀን ቆርጠው የመጨረሻ ዋጋቸውን እስከዚያ ድረስ እንዲያሳውቁ መንገር ተገቢ ነው። የሌለ ገዢ እየጠሩ ዋጋ መስቀል ግን ነውር ከመሆኑም በላይ ደላሎች እርስ በርስ ስለሚነጋገሩ ወዲያው ይታወቃል። በተቃራኒው የመጣው አንድ ሰው ብቻ ከሆነና ቤቱ መኪና የማያስገባ መንገድ ወይም ያልተስተካከለ የካርታ ጉዳይ ካለበት፣ ያንን ሰው በአክብሮት ይያዙት። ዝቅ ያለ ዋጋ ሲሰጥ ሳይቆጡ ምክንያቱን ይጠይቁ፤ የራስዎንም ቁጥር በትንሹ ቀንሰው፣ ከነምክንያቱና መልስ ከሚጠብቁበት ቀን ጋር ይመልሱለት።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ቀብድ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። 500 ሺህ ብር ተቀብለው በማግስቱ የተሻለ ገዢ ስለመጣ ሐሳብዎን ቢቀይሩ 1 ሚሊዮን ይከፍላሉ ማለት ነው። ስለዚህ ቀብድ ከመንካትዎ በፊት የትዳር ጓደኛዎ መስማማቱን ያረጋግጡ፤ የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ተጋቢዎች ስምምነት አይሸጥም። ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን፣ ኮንዶሚኒየም ከሆነም ለአምስት ዓመት መሸጥን የሚከለክለው ገደብ ማለፉን አስቀድመው ያጣሩ።

በውሉ ላይ ከእውነተኛው ያነሰ ዋጋ እንዲጻፍ የሚጠይቅ ገዢ ቢመጣ፣ የሰጠው ገንዘብ የቱንም ያህል ቢበዛ እንዲቀበሉት አልመክርም። ግብር መሸሽ ወንጀል ነው፤ ቀሪው ክፍያ ቢጓተትም በእጅዎ የሚገኘው ማስረጃ ያነሰውን ዋጋ የያዘው ጽሑፍ ብቻ ይሆናል።

ውጭ አገር ሆነው በወኪል የሚሸጡ ሰዎች ውክልናው ቤቱን ለመሸጥ የሚል ግልጽ ሥልጣን እንዲይዝ ማድረግ ይኖርባቸዋል፤ ወኪሉም ሳያማክራቸው ቀብድ እንዳይቀበል በጽሑፍ ቢያሳውቁት ይበጃል። ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ በቀብድ ወረቀቱ ላይ ሙሉው ዋጋ፣ የቀሪው ክፍያ ቀንና መንገድ፣ የስም ማዛወሪያውንና የግብሩን ወጪ ማን እንደሚሸፍን፣ ቤቱ የሚለቀቅበት ቀን፣ እንዲሁም የባንክ ብድሩ ባይፈቀድ ቀብዱ ምን እንደሚሆን ይጻፍ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲመዘገብ ስለሚጠይቅ፣ ሁለታችሁም ውልና ማስረጃ የምትቀርቡበት ቀን እዚያው ወረቀት ላይ ይቆረጥ።