የድንጋይ ከሰል አመድን ውኃ ሳያገኘው መቅበር

የድንጋይ ከሰል አመድ ዋና ጠላቱ ውኃ ነው። አርሴኒክ፣ ሴሊኒየም፣ ቦሮንና ሜርኩሪ በውስጡ አሉ። ውኃ በዘለቀው ቁጥር እየሟሙ ወደ ከርሰ ምድርና ወደ ወንዝ ይወርዳሉ። አመዱን በውኃ እያጠቡ ኩሬ ውስጥ ማጠራቀም ርካሽ ቢመስልም እኛ አንመክረውም። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ ቴነሲ፣ ኪንግስተን ላይ የእንዲህ ያለ ኩሬ ግድብ ተደርምሶ ከ4 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ርጥብ አመድ መንደርና ወንዝ ላይ ፈሷል።

ደቃቁን አመድ ከጭስ ማጣሪያው በአየር ግፊት ወደ ሳይሎ (ዝግ የማጠራቀሚያ ጎተራ) አስገቡ። ከመቅበር በፊት ለሲሚንቶ ሥራ የሚሆነውን ለዩ። ሳይቃጠል የቀረው ካርቦን ከ6 በመቶ ካልበለጠ ብዙ ጊዜ ኮንክሪት ውስጥ ከሲሚንቶው ከ15 እስከ 30 በመቶውን ይተካል።

ለሚቀበረው፣ የጉድጓዱ ወለል ከከርሰ ምድር ውኃ ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ይበል። ልኬቱ በክረምት፣ ውኃው ከፍ ባለበት ጊዜ ይወሰድ፤ የበጋ ልኬት ያታልላል። ወለሉ ላይ 60 ሳንቲሜትር ሸክላ አፈር በደንብ ይጠቅጠቅ፤ በላዩ 1.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የፖሊኢትሊን (ፕላስቲክ) ምንጣፍ ይነጠፍ። ሥራው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በብየዳው መስመር ነው። ስለዚህ የምንጣፉን ቁራጮች በሁለት ጎን ለጎን ብየዳዎች አያይዙ፤ በብየዳዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት አየር ሞልታችሁ ቢያንስ 5 ደቂቃ የግፊት መለኪያውን ተመልከቱ፤ ከወረደ የሚያሾልክ ቦታ አለ ማለት ነው። ፕላስቲኩ በቀትር ፀሐይ ተለጥጦ ስለሚጨማደድ የሚሸፍነውን ጠጠር በማለዳ አልብሱት። ጠጠሩ ውስጥ የተበሳሳ ቧንቧ ቅበሩና ምንጣፉ ላይ የሚጠራቀመውን ፍሳሽ ከ30 ሳንቲሜትር በታች አቆዩት።

አመዱን ከመጫናችሁ በፊት፣ እንዳይበንንና በደንብ እንዲጠቀጠቅ ያህል ብቻ፣ በክብደቱ ከ15 እስከ 25 በመቶ ውኃ አርከፍክፉበት። ትክክለኛው መጠን ከአመድ አመድ ስለሚለያይ በላቦራቶሪ ይወሰናል፤ ሜዳ ላይ ግን እጅ ይበቃል። አንድ እፍኝ ጨብጡ፤ ስትለቁት ሳይፈርስ ከቆየና መዳፋችሁን ካላራሰ ደህና ነው። ከበነነ ውኃ ጨምሩ። ሮለሩ ሲያልፍበት እንደ ሊጥ ከተወዛወዘ ከመጠን በላይ ርሷል፤ አናፍሱት እንጂ በላዩ ሌላ አትጨምሩ። በ30 ሳንቲሜትር ንብርብር እያነጠፋችሁ እስከ 95 በመቶ የፕሮክተር ጥግግት (በላቦራቶሪ የመጠቅጠቅ ሙከራ የተገኘው ከፍተኛ ጥግግት) ጠቅጥቁ። የጎኑ ተዳፋት ለ1 ሜትር ከፍታ 3 ሜትር አግድመት ይኑረው።

ሠራተኞቻችሁን እባካችሁ በጨርቅ ጭምብል አታሰማሩ። ብናኙ ውስጥ ሳንባ የሚያቆስል ሲሊካ ስላለ ፊት ላይ ገጥሞ የሚታሰር የብናኝ ማጣሪያ ያስፈልጋል። መኪኖቹም ሸራ ይልበሱ፤ ሲወጡ ጎማቸው ይታጠብ።

ሲሞላ የላዩ ክዳን ከወለሉ የባሰ ውኃ የሚያሳልፍ መሆን የለበትም፤ አለዚያ ዝናቡ ገብቶ መውጫ ያጣና ጉድጓዱ እንደ ገንዳ ይሞላል። የሸክላው ክዳን ከ45 ሳንቲሜትር አይነስ፤ በላዩ 15 ሳንቲሜትር ለም አፈርና ሣር።

የከርሰ ምድር ውኃው ወደ አመዱ ጉድጓድ በሚመጣበት በላይ በኩል ቢያንስ 1፣ አልፎት በሚሄድበት በታች በኩል ቢያንስ 3 የውኃ መመርመሪያ ጉድጓድ ቆፍሩ፤ በየ6 ወሩ ናሙና ውሰዱ። መጀመሪያ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ቦሮን ነው፤ ከውኃው ጋር ፈጥኖ ይጓዛል። የታችኞቹ ጉድጓዶች ቦሮን ከላይኛው በልጦ ከተገኘ ናሙናውን ድገሙ፤ ከጸናም የአርሴኒክና የሌሎቹን ምርመራ ወዲያው ጀምሩ። ክትትሉ ከተዘጋ በኋላም 30 ዓመት ይቀጥላል።