ስትሮክ ያጋጠመው የቤተሰብ አባል መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እንዲወስድ መርዳት

ስትሮክ ያጋጠመው ሰው ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ሲገባ የቤተሰቡ ጭንቀት በአብዛኛው ስለ እጁና ስለ እግሩ ነው፤ መቼ ይነሣል፣ መቼ ይራመዳል የሚለው ጥያቄ ሌላውን ሁሉ ይሸፍነዋል። በፌስታል ተይዞ የመጣው መድኃኒት ግን የተጎዳውን እጅ ለማንቀሳቀስ ሳይሆን ሁለተኛ ስትሮክ እንዳይመጣ ለመከላከል የታዘዘ ነው። ይህ ልዩነት ከመጀመሪያው ቀን ካልተነገረ፣ ታማሚው ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ «እጄ እንደሆነ አልተነሣም፣ መድኃኒቱ ምን ጠቀመኝ?» ብሎ መተዉ አይቀርም። በተቃራኒውም ቶሎ ያገገመው «አሁንማ ተሽሎኛል» ብሎ ያቆማል። ስለዚህ መድኃኒቱ የምን እንደሆነ ለታማሚውም ለአስታማሚውም በግልጽ ማስረዳት ከማንኛውም የማስታወሻ ዘዴ መቅደም አለበት።

ከሆስፒታል ሳትወጡ ስትሮኩ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ጠይቃችሁ በጽሑፍ ያዙ። በደም ሥር መዘጋት የመጣ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ደም እንዳይረጋ የሚከላከል አስፒሪን ወይም ክሎፒዶግሬል፣ ከእርሱም ጋር እንደ አቶርቫስታቲን ያለ የኮሌስትሮል መድኃኒት ይታዘዛል። ከልብ ምት መዛባት ወይም ከልብ ቫልቭ ችግር ጋር የተያያዘ ከሆነ ደም እንዳይረጋ የሚከላከል ሌላ መድኃኒት፣ ዋርፋሪን፣ ሊታዘዝ ይችላል። በአንጎል ውስጥ ደም በመፍሰሱ የመጣ ከሆነ ግን ዋናው ጉዳይ የደም ግፊቱን መቆጣጠር ነው፤ እንዲህ ላለው ታማሚ «ጎረቤታችን ለስትሮክ የሚወስደው ነው» ብሎ አስፒሪን መስጠት አደገኛ ነው።

በእኛ አገር ቤት ውስጥ አስታማሚ አይጠፋም፤ የሚጠፋው ለመድኃኒቱ በስም ኃላፊ የሆነ ሰው ነው። እናቴን ባስታመምንበት ጊዜ አንድ ቀን እህቴ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የግፊቱን ክኒን ሰጥታት ወደ ሥራ ሄደች፤ እኔ ደግሞ ይህን ሳላውቅ 2 ሰዓት ላይ ደገምኩላት። እናቴ ንግግሯ ተይዞ ስለነበር «ወስጃለሁ» ልትለኝ አልቻለችም። በደኅናው እጇ እጄን ስትገፋው እንቢተኝነት መስሎኝ ለምኜ አስዋጥኳት፤ ረፋዱ ላይ ከአልጋ ስናነሣት አዞራት። ከዚያ ቀን ጀምሮ መድኃኒቱን የምትሰጠው እህቴ ብቻ እንድትሆን፣ እርሷ በሌለችበት ቀን ደግሞ እኔ እንድተካት ተስማማን። ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ የ«ራይት» ምልክት የሚደረገውም ክኒኑ ሲሰጥ ሳይሆን ሲዋጥ ብቻ ሆነ።

በዚያ ወረቀት ላይ የእያንዳንዱ መድኃኒት ስም፣ መጠኑ፣ የምን እንደሆነና የሚወሰድበት ሰዓት በአማርኛ ይጻፍ። ሰዓቱ ላይ በተለይ ተጠንቀቁ፤ የሐኪም ወረቀት ብዙ ጊዜ በፈረንጅ ሰዓት አቆጣጠር ስለሚጻፍ «8» ተብሎ የሰፈረው ጠዋት በእኛ 2 ሰዓት መሆኑን ሳያስተውሉ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ የሚሰጡ ቤተሰቦች አሉ። «በቀን 2 ጊዜ» የተባለውም በ12 ሰዓት ልዩነት ማለት ነው፤ ጠዋት 1 ሰዓት ከተወሰደ ቀጣዩ ማታ 1 ሰዓት ላይ ይሆናል። ሰዓቱን በቤቱ ውስጥ በየቀኑ ከማይቀር ነገር ጋር ማያያዝ፣ ለምሳሌ ከቁርስ ወይም ከጠዋቱ ቡና ጋር፣ ከስልክ ደወል ይልቅ ይዘልቃል፤ የሚዋጠው ግን በውሃ ነው። የተረሳ ክኒን በዚያው ቀን ከታወሰ ብዙውን ጊዜ ወዲያው ሊወሰድ ይችላል፤ በማግሥቱ ግን ለማካካስ ሁለት አድርጎ መስጠት አይገባም።

የሳምንት ቀናት የተጻፉበት የመድኃኒት ሳጥን ከተገኘ መልካም ነው፤ ካልተገኘ የጠዋትና የማታ ተብለው የተለዩ 14 ትንንሽ ፖስታዎች ያንኑ ሥራ ይሠራሉ። አንድ እጁ ብቻ የሚሠራ ሰው ክኒን ከስትሪፕ ፈልቅቆ ማውጣት እንደሚቸግረው አስቡ። ከስትሮክ በኋላ አንዳንድ ታማሚዎች በአንድ ጎናቸው ያለውን ነገር ጨርሶ አያስተውሉም፤ ስለዚህ ሳጥኑም ውሃውም በሚያስተውሉት ጎን ይቀመጥ።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው መዋጡ ነው። ታማሚው ውሃ ሲጠጣ የሚያስለው፣ ትን የሚለው ወይም ከጠጣ በኋላ ድምፁ ጉሮሮው ውስጥ ውሃ እንዳለ ዓይነት የሚሆን ከሆነ፣ የመዋጥ ችሎታው በባለሙያ እስኪታይ ድረስ ክኒን በአፉ አትስጡት። መድኃኒቱ ከነጭራሹ እንዳይቋረጥ ግን በዚያው ቀን ሐኪሙን አማክሩ። መዋጥ የሚችለውን ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ተጋድሞ ወይም ወደ ኋላ ተደግፎ አይዋጥም። ክኒኑን አንድ በአንድ፣ በደኅናው የአፉ ጎን፣ በትንሽ በትንሽ ውሃ ስጡት፤ ከዚያም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይጋደም ይቆይ። ፊቱ በአንድ በኩል የዛለ ሰው ክኒኑ በዛለው ጉንጩ ውስጥ ተወትፎ ሊቀርና ላይታወቀው ይችላል፤ እኛም የእናቴን አፍ በንጹሕ ጨርቅ ስንጠርግ ግማሹ የሟሟ ነጭ ክኒን ከግራ ጉንጯ ሥር ያገኘንበት ቀን አለ። ስለዚህ ምልክቱን ከማድረጋችሁ በፊት አፉን ከፍቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ክኒን መፍጨት ቀላል መፍትሔ ቢመስልም ሁሉም አይፈጭም። ቀስ በቀስ እንዲሟሟ ተደርጎ የተሠራ ክኒን፣ ለምሳሌ ኒፌዲፒን ሪታርድ፣ ከተፈጨ የቀኑ መጠን በአንድ ጊዜ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ግፊቱን በድንገት ሊያወርደው ይችላል። የትኛው እንደሚፈጭ ፋርማሲስቱን ጠይቁ፤ የሚፈጨውም በአንድ ማንኪያ ወፈር ያለ አጥሚት ይሰጥ እንጂ ተርፎ በሚመለስ ሙሉ ሳህን ምግብ ውስጥ አይበተን።

ታማሚው መድኃኒቱን እንቢ ሲል ከመቆጣት በፊት ምክንያቱን መፈለግ ይሻላል። ከግፊት መድኃኒቶች ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ሊያመጣ፣ አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥ ይችላል፤ ሁለቱም ለሐኪም ከተነገሩ በሌላ መድኃኒት ሊተኩ ይችላሉ። ሽንት የሚያበዛውን ክኒን ብዙ ታማሚ የሚተወው መድኃኒቱን ጠልቶ ሳይሆን ወደ መጸዳጃ ቤት ውሰዱኝ ብሎ ሰው ማስቸገሩን ፈርቶ ነው። ለዚህም መፍትሔው ክኒኑን ጠዋት፣ የሚያነሣው ሰው ቤት በሚገኝበት ሰዓት መስጠት ነው። ከስትሮክ ከተረፉ ሰዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ የመንፈስ ጭንቀት ስለሚያድርባቸው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ «ተዉኝ» የሚል ሰው ሕክምና የሚያስፈልገው ሊሆን ይችላልና ይህንንም ለሐኪም ንገሩ። በወጥ ውስጥ ደብቆ መስጠትን ግን አልመክርም፤ የታወቀ ዕለት ምግቡንም መድኃኒቱንም ያስጠላል።

ጾም ሲመጣ ብዙ ሰው መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ ያቋርጣል። በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ የግፊት ወይም የኮሌስትሮል መድኃኒት ብዙ ጊዜ ወደ ማታ ወይም ወደ ኢፍጣር ሰዓት ሊዛወር ስለሚችል፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ማነጋገር ይበቃል። ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን የሚወስድ ግን ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ስለሚችል ያለ ሐኪም ምክር ባይጾም ይሻላል፤ የንስሐ አባትም ሆኑ ኢማም ለታመመ ሰው ፈቃድ አይነፍጉም። ጸበልን በተመለከተ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትን ከጸበል ጋር መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ መናገራቸው ለስትሮክ ታማሚ ቤተሰብም የሚጠቅም ማስረጃ ነው። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ደግሞ በጾም ወራት ጎመን በድንገት ቢያበዛ የመድኃኒቱ ኃይል ይደክማል፤ የሽፈራው ቅጠልም እንደዚሁ ነው። ጎመን መተው አያስፈልገውም፤ በየሳምንቱ የሚበላው መጠን ተመሳሳይ ይሁን፣ የደም ምርመራ ቀጠሮውንም አያሳልፍ።

ለወገብና ለትከሻ ሕመም በየመድኃኒት ቤቱ የሚገዛው ዲክሎፌናክ ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ከአስፒሪን ወይም ከዋርፋሪን ጋር ሲደመርም ለመድማት ያጋልጣል፤ ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ታማሚው የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ለፋርማሲስቱ አሳዩ። ከውጭ አገር ዘመድ የሚልከው መድኃኒት ሌላው ወጥመድ ነው። ኖርቫስክ የሚል ካርቶን ከአሜሪካ ሲመጣ ቤት ውስጥ ካለው አምሎዲፒን ጋር አንድ መሆኑን የማያውቅ አስታማሚ ሁለቱንም ሊሰጥ ይችላል።

መድኃኒቱ ሊያልቅ 7 ቀን ሲቀረው ለመግዛት ውጡ፤ በመጨረሻው ቀን የሄደ ሰው «የለም፣ ከሳምንት በኋላ ይመጣል» ቢባል የሚያቻችልበት አይኖረውም። አዲስ አበባ ያለ ሰው ከነማ መድኃኒት ቤቶችን፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሚታከምበትን ጤና ጣቢያ ይጠይቅ። ታማሚው ለበዓል ወይም ለተዝካር ወደ ገጠር ሲሄድ ከሚቆይበት ቀን በላይ የአንድ ሳምንት ተጨማሪ መድኃኒት ይያዝለት። የግድግዳው ወረቀት ግልባጭም አብሮ ይሂድ፤ እዚያ ለሚረከበው ዘመድ ማታ ስትደውሉለት ከሰላምታው ቀጥሎ የምትጠይቁት ምልክቱ መደረጉን ይሁን።