ስቱዲዮው ያጉረመርማል፦ የአንድ ክፍል ስቱዲዮ ችግሮችና መፍትሄያቸው

መሀል አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተው ስቱዲዮ የሚከፍቱ ልጆች እየበዙ ነው፤ ደስ ይላል። ቤቱ ፒያሳ ያለ አሮጌ የቀበሌ ቤትም ይሁን ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ እኔ የምጠራበት ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ሞኒተሩ እምምም ይላል፤ ሳውንድ ካርዱ ተቃጥሏል መሰለኝ።» ሞኒተር የምንለው የስቱዲዮውን ስፒከር ነው፤ ሳውንድ ካርድ ደግሞ ማይኩንና ስፒከሩን ከላፕቶፑ ጋር የሚያገናኘው ሳጥን። ሳውንድ ካርዱ አልተቃጠለም። አዲስ እንዳትገዙ። ገመዱ በደንብ መሰካቱን፣ ጌኑ (የሚገባው ድምፅ መጠን) ያለ ልክ አለመከፈቱንና ድራይቨሩ መጫኑን አይታችኋል ብዬ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ምልክት፦ የማያቋርጥ «እምምም»፣ ሲነኩት የሚነዝር ላፕቶፕ

መጀመሪያ ድምፁ የመብራት መሆኑን በጆሯችሁ አረጋግጡ። የኛ አገር መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ስለዚህ ጉርምርምታው 50 ሄርዝ ላይ፣ እጥፉ ደግሞ 100 ሄርዝ ላይ ይቀመጣል። 61 ቁልፍ ያለው ኪቦርድ ካላችሁ ዝቅተኛውን ጂ (ሶል) ተጫኑ። እሱ 98 ሄርዝ ነው። ጉርምርምታው ከዚያች ኖታ በጥቂቱ ከፍ ብሎ አብሮ ከሄደ ሌላ ጥፋተኛ አትፈልጉ።

ቀጥሎ ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ነቅላችሁ በባትሪ አስኪዱት። ድምፁ እልም ብሎ ከጠፋ ነገሩ ታወቀ፦ ኧርዝ (ያፈነገጠ ከረንትን ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ) የላችሁም፤ ወይም ያላችሁ መስሏችኋል።

የላፕቶፕ ቻርጀር ውስጥ ረብሻ እንዲያጣራ የተቀመጠ ትንሽ ካፓሲተር አለ። በሱ በኩል እጅግ ጥቂት ከረንት ከመብራቱ ወገን ወደ ላፕቶፑ ብረት ያልፋል። ባለ ሦስት እግር ቻርጀር ሲሠራ ይህ ከረንት በኧርዝ ሽቦ ወደ መሬት እንዲወርድ ታስቦ ነው። መውረጃ ሲያጣ ላፕቶፑ አካል ላይ ይቀራል፤ በሙልቲሜትር ብትለኩት የ220 ቮልቱን ግማሽ ያህል ሊያሳያችሁ ይችላል። ከረንቱ በጣም ትንሽ ስለሆነ እጅን ይነዝራል እንጂ አይጥልም። ግን በዩኤስቢ ገመዱ ወደ ሳውንድ ካርዱ፣ ከዚያም በድምፅ ገመዱ ወደ ሞኒተሩ ይሻገራል፤ የምትሰሙት እሱን ነው። ንዝረቱ ለስለስ ያለ ሳይሆን እጃችሁን የሚያስፈነጥር ከሆነ ግን ይህ ጽሑፍ አይመለከታችሁም። ሁሉንም ንቀሉና ኤሌክትሪሺያን ጥሩ።

መንስኤ፦ ውሸታሙ ዲቫይደር

ገበያ ላይ የሞላውን ዲቫይደር ታውቁታላችሁ፦ የእንግሊዙን፣ የአውሮፓውን፣ የቻይናውን ስፒና ሁሉ የሚቀበል፣ ሦስት ሦስት ቀዳዳ ያለው። ሦስተኛውን ቀዳዳ ያየ ሰው ኧርዝ አለው ብሎ ያምናል። ነቅላችሁ ብሎኑን ፈታችሁ ክፈቱት። ብዙ ጊዜ ከግድግዳው የሚመጣው ገመድ ውስጥ ያሉት ሁለት ሽቦዎች ብቻ ናቸው። የኧርዙ ቀዳዳ ሥር የነሐስ ቁራጭ ተቀምጧል፤ ከምንም ጋር አልተያያዘም። አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ የለም። እንዲህ ያለውን ዕቃ አስመጥቶ መሸጥ ገዢን ማታለል ነው፤ ለዚህ የምለሰልስበት ምክንያት የለኝም።

አራት ኪሎ አካባቢ አንድ አቀናባሪ ዘንድ የሚቀዳው ድምፃዊ ማይኩን ከንፈሩ በነካ ቁጥር «ያዘኝ!» እያለ ይሸሽ ነበር። ማይኩ ላይ ስፖንጅ አለበሱለት፤ መነዘሩ ቀረ፣ ጉርምርምታው ግን ቀጠለ። ከዚያ ማይክ ቀየሩ። ከዚያ ሳውንድ ካርድ ተዋሱ። ከዚያ ጉርምርምታ የሚያጠፋ ፕለጊን ገዝተው እያንዳንዱን ትራክ ሲያጥቡ ከረሙ፤ የዘፋኙም የታችኛው ድምፅ አብሮ ታጠበ። ጠረጴዛው ሥር ስገባ ያገኘሁት ከዱባይ የመጣ ባለ እንግሊዝ እግር ቻርጀር፣ እሱ በኮንቨርተር ወደ ሁለት ክብ እግር ተቀይሮ፣ ኮንቨርተሩ ደግሞ ያው ዲቫይደር ላይ ተሰክቶ ነው። ኧርዙ ግድግዳ ሳይደርስ ሁለት ቦታ ተቆርጧል። ልብ በሉ፣ የግድግዳው ሶኬት ደህና ነበር፤ ኧርዝ ነበረው! የቻርጀሩን ገመድና ዲቫይደሩን ብቻ ስንቀይር ክፍሉ ጸጥ አለ።

ፒያሳ ያጋጠመኝ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ልጁ ጥሩ ዲቫይደር ገዝቷል፣ ሶኬቱም ጎንና ጎኑ ላይ የኧርዝ ምላስ ያለው ነው። ቆጣሪው ላይ አጥፍተን ሶኬቱን ስንፈታ አረንጓዴው ሽቦ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ተወሽቋል። ሠርቶ የሄደው ሰው ሁለቱን አስሮ ሦስተኛውን ትቶታል። ሽቦውን አሰርነው፤ ለውጥ የለም። ተከትለነው ቆጣሪው ዘንድ ስንደርስ ጫፉ አየር ላይ ነው። ግቢው ውስጥ መሬት የገባ የኧርዝ ዘንግ ጭራሽ አልነበረም። አከራይዋን «ማዘር፣ ይሄ ለልጅ ልጆችዎም ደህንነት ነው» ብለን አስፈቅደን፣ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን የመዳብ ዘንግ ቀበረ፣ ለክቶም አስረከበ። ጉርምርምታው ብቻ ሳይሆን የፍሪጁ መነዘር አብሮ ጠፋ።

መፍትሄ

ዲቫይደሩን ከመብራት ነቅላችሁ በሙልቲሜትር ፈትሹት። ሙልቲሜትሩን የሚጮኸው ምልክት ላይ አድርጉ፤ አንዱን ጫፍ ስፒናው ጎን ላይ ያለውን ብረት፣ ሌላውን የኧርዙን ቀዳዳ አስነኩ። ጢጥ ካላለ ዲቫይደሩን ለስቱዲዮ አትጠቀሙበት። ከሻጩም ፊት ይህን ሳታደርጉ ብር አትቁጠሩ።

ኮንቨርተሩን ጣሉት። የአብዛኞቹ ባለ ሦስት እግር ቻርጀሮች ገመድ ከሳጥኑ ላይ የሚነቀል ነው፤ ጫፉ ጎኑ ላይ የኧርዝ ብረት ያለው ክብ ስፒና የሆነ ሌላ ገመድ ይገዛለታል። ከሳውንድ ካርድ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ከቁጥር አይገባም።

ላፕቶፑን፣ ሞኒተሮቹንና ኪቦርዱን በአንድ ዲቫይደር፣ ከአንድ ሶኬት አስነሱ። ሜክሲኮ አካባቢ አዲስ ሕንፃ ውስጥ ኧርዙ የተሟላ ክፍል እያለ ያጉረመርም ነበር፤ ላፕቶፑ ከአንዱ ግድግዳ፣ ሞኒተሮቹ ከሌላው ይነሳሉ። ሁለት የኧርዝ መንገድ ሲኖር በመካከላቸው ክብ ይፈጠርና ክቡ ጉርምርምታውን ይዞ ይዞራል። እንዲህ ያለ ስቱዲዮ ሁሉም ዕቃው በርቶ እንኳ የሚፈጀው ጥቂት መቶ ዋት ነው፤ አንድ ደህና ሶኬት ይበቃዋል።

ከሳውንድ ካርዱ ወደ ሞኒተር የሚሄደው ጃክ ላይ ያሉትን ጥቁር ቀለበቶች ቁጠሩ። አንድ ከሆነ ቀይሩት፤ ሁለት ቀለበት ያለው፣ ባላንስድ የሚባለው ነው የሚያስፈልጋችሁ። በመንገድ ላይ የገባበትን ረብሻ ሞኒተሩ ዘንድ ሲደርስ ያጣፋዋል።

ኧርዙ እስኪሠራ ድምፅ ስትቀዱ ላፕቶፑን በባትሪ አስኪዱ። ቀረጻው ንጹህ ይሆናል።

ማስጠንቀቂያ

የስፒናውን የኧርዝ እግር አትቁረጡ፣ ምላሱንም በፕላስተር አትሸፍኑ። «ስቆርጠው ጠፋልኝ» የሚሉ አሉ። ክቡ ስለተቆረጠ ጉርምርምታው ሊጠፋ ይችላል፤ ያ ዕቃ ውስጡ ሲበላሽ ግን 220 ቮልቱ መውረጃ ያጣና እጁ ጊታር፣ ከንፈሩ ማይክ ላይ ያለውን ሰው ይጠብቃል። ይገድላል።

ሶኬቱ ውስጥ ኧርዙን ከኒውትራል (ከረንቱ ከሚመለስበት ሽቦ) ጋር አትሰሩ። ይህን የሚያደርጉ «ባለሙያዎች» አሉ፤ ጉርምርምታው ሲቀንስ ተጨብጭቦላቸው ይሄዳሉ። ኒውትራሉ አንድ ቀን ከተበጠሰ ቤቱ ውስጥ ኧርዝ ያለው ብረት ሁሉ ፌዝ፣ ማለትም 220 ቮልቱን፣ ይይዛል።

ከውሃ ቧንቧ ጋርም አታያይዙት። ቧንቧው መንገድ ላይ ፕላስቲክ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ኧርዛችሁ ጎረቤት እጇን የምትታጠብበት ቧንቧ ላይ ቆሟል ማለት ነው።

ምልክት፦ ጎረቤት እንጀራ ስትጋግር ነገሩ ይባባሳል

አንድ ቆጣሪ በሚጋራ ግቢ ይህ የተለመደ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ በቀጭን ሽቦ ላይ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ አምፖሉ ይፈዝዛል፣ ርካሽ ሞኒተርም ያጉረመርማል። ከጎረቤት ጋር በሰዓት ተስማሙ፤ ከዚያ የተሻለ መላ የለም። ነገር ግን ምጣዱ ሲበራ አምፖላችሁ የሚደምቅ ከሆነ አንድ ደቂቃ አትቆዩ። ያ የላላ ወይም የተበጠሰ ኒውትራል ምልክት ነው፤ ቮልቴጁ ከ220 በብዙ አልፎ ሊወጣና ያላችሁን ሁሉ ሊያቃጥል ይችላል። ንቀሉ፣ ከዚያ ለመብራት ኃይል ደውሉ።

ሌሎች ረብሻዎች

ማውስ ስታንቀሳቅሱ የሚለዋወጥ ቀጭን ፉጨት ከዩኤስቢው ነው፤ ሀቡን (የዩኤስቢ ማከፋፈያውን) አውጡና ሳውንድ ካርዱን በአጭር ገመድ ከላፕቶፑ ጋር በቀጥታ አገናኙት። «ዲዲዲት ዲዲዲት» የሚለው ስልካችሁ ነው፤ ከጠረጴዛው አርቁት። «ዝዝዝ» ብሎ መብራት ስታጠፉ የሚጠፋው ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል ነው። ክራር ወይም ማሲንቆ ላይ የተለጠፈ ፒክአፕ (ድምፅ መቀበያ) የጃኩን ብረት ስትነኩ ጸጥ የሚል ከሆነ ሽቦው ረብሻ የሚከላከል የብረት መሸፈኛ የለውም፤ ሽፋን ባለው ቀይሩት። ድምፁ ቀጥኖ ባስ ካጣ ደግሞ ሳውንድ ካርዱ ላይ የጊታር ምልክት ያለውን መግቢያ ተጠቀሙ።

ምልክት፦ ድምፁ ሣጥን ውስጥ ያለ ይመስላል

3 በ3 ሜትር ክፍል ውስጥ ከ57 ሄርዝ ጀምሮ ያለው ባስ በግድግዳዎቹ መካከል እየተመላለሰ አንዱ ቦታ ላይ ያብጣል፣ ሌላው ቦታ ላይ ይጠፋል። የእንቁላል ትሪ መለጠፍ አቁሙ። ባሱን አይነካውም፣ የጎረቤትን ጩኸትም አያስቀርም፣ እሳት ሲነሳ ግን ፈጥኖ ይያያዛል። ስስ ስፖንጅም ያው ነው፤ ላይኛውን ድምፅ ብቻ ይበላና ክፍሉን ያፍነዋል። ለድምፃዊ ከኋላውና ከጎኑ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ደርበት ያለ ጋቢ ከግድግዳው ጥቂት ራቅ አድርጋችሁ ስቀሉ። ፍራሽ ካላችሁ ጥግ ላይ አቁሙት። ሞኒተሩን ግድግዳ ላይ አታስደግፉ።

ውጪ የታክሲ ረዳት፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ድምፅ ማጉያ ባለበት ሰፈር ኮንደንሰር ማይክ ሁሉንም ይሰበስባል። እንደ ሹር ኤስኤም 58 ያለ ዳይናሚክ ማይክ አፍ ጋ ቀርቦ ሲቀዳ በብዙ ይሻላል። ታዲያ የታዋቂ ማይክ ስም የተጻፈበት ርካሽ ቅጂ ገበያው ውስጥ ሞልቷል፤ ከታመነ ሰው ካልሆነ አትግዙ። ክረምት ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ ግን ምንም ማይክ አያድናችሁም። አባርቶ ይቀዳል።

ምልክት፦ ቀረጻው ይቆራረጣል፣ ወይም ድምፁ ዘግይቶ ይመጣል

በፈር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማሳለፉ በፊት የሚያጠራቅመው የናሙና (ሳምፕል) ብዛት ነው። ስትቀዱ 128 ላይ፣ ሚክስ ስታደርጉ 512 ወይም 1024 ላይ አድርጉት። በ48 ኪሎ ሄርዝ 1024 ማለት ከ21 ሚሊ ሰከንድ በላይ ነው፤ ዘፋኝ በሱ ላይ መዝፈን ይቸገራል። ቀረጻው ሲከፈት ቃናው ከተቀየረ ከሶፍትዌሩና ከሳውንድ ካርዱ አንደኛው 44.1፣ ሌላው 48 ኪሎ ሄርዝ ላይ ነው፤ አስተካክሉ።

ምልክት፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሞኒተሩ «ጧ!» ይላል

መብራት እንደሄደ ዲቫይደሩን ከግድግዳ ንቀሉ። ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ሲመለስ ቮልቴጁ ይዘላል፣ ደጋግሞም ሊሄድና ሊመጣ ይችላል፤ ጥቂት ደቂቃ ታግሳችሁ ስኩ። ስታበሩ ሞኒተሩ መጨረሻ፣ ስታጠፉ ሞኒተሩ መጀመሪያ ይሁን። ርካሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ከገዛችሁ በባትሪ ሲሠራ የራሱን «ዝዝዝ» እንደሚያመጣ ዕወቁ፤ ሥራችሁን ሴቭ አድርጋችሁ ለመዝጋት ተጠቀሙበት፣ አትቅዱበት።