ሬዚን ውስጥ የገባው አበባ ለምን ጠቆረ?

ለእንቁጣጣሽ ልጆች ከለምለም ሣር ጋር አስረው ከሚሸጡት አደይ አበባ አንድ እቅፍ ገዛሁ። አራት ኪሎ ባለው ቤቴ መስኮት ሥር ሦስት ቀን አስጥቼ በሬዚን (ከማጠንከሪያ ፈሳሽ ጋር ሲቀላቀል እንደ መስታወት ጠንክሮ የሚቀር ፈሳሽ ፕላስቲክ) ቁልፍ መያዣ ሠራሁበት። ሳምንት ሳይሞላው ያ ሁሉ ቢጫ ቡናማ ሆኖ አረፈው። ብዙ ካበላሸሁ በኋላ የገባኝን ልንገራችሁ።

አበባው ቡናማ ሆነ፣ ዙሪያውም ጉም ለበሰ

እርጥበት ነው። ቅጠሉ ወረቀት መስሎ ሳለ እምብርቱ እርጥብ ሊሆን ይችላል። አደይ አበባ መሀል ያለችውን የልብስ ቁልፍ የመሰለች ክፍል በጥፍር ጫን በሏት። ከለሰለሰች አልደረቀችም፤ ስትፈረፈር ነው ደረቀች የሚባለው።

መፍትሄው ሲሊካ ጄል፣ ማለትም እርጥበት የሚመጥ ደቃቅ ጠጠር ነው። ክዳኑ ግጥም የሚል ዕቃ ውስጥ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል አንጥፉ፣ አበባውን አስቀምጡ፣ በማንኪያ ቀስ እያላችሁ በቅጠሎቹ መሀል ሙሉት። ለስስ አበባ ከ2 እስከ 3 ቀን ይበቃል፤ ጽጌረዳ ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ጫማ ሳጥን ውስጥ የምናገኛት ትንሿ ከረጢት ግን ለጽጌረዳ አትበቃም፤ ሞክሬዋለሁ። ሲሊካ ጄሉ ቀለሙ የሚለወጥ ዓይነት ከሆነ፣ ሲለወጥ እርጥበት ጠግቧል ማለት ነው። ዱቄቱን እንዳትተነፍሱት ማስክ አድርጉ፤ ማንኪያውም ወደ ወጥ ቤት አይመለስ።

መጽሐፍ ውስጥ የምታደርቁ ከሆነ ሶፍት አስገቡበት፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቶሎ ቶሎ ቀይሩት። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ክረምት ላይ ደግሞ ታገሱ፣ የአዲስ አበባ ዝናብ ቤት ድረስ ይገባል።

በደንብ ደርቆም ጠቆረ

ቀይ ጽጌረዳ ከሆነ አትልፉ፤ ሲደርቅ ወደ ጥቁር ያደላል። ሮዝ ቀለም ያለውን ምረጡ። ሌላው ምክንያት ሙቀት ነው። ሬዚን ሲጠነክር ይሞቃል፣ በአንዴ ወፍራም ከተደፋ ደግሞ አበባውን ይጠብሰዋል። ስስ ስስ እያደረጋችሁ ደርቡ።

አረፋ ሞላበት፣ ወይም አበባው ተንሳፈፈ

አየሩ የተደበቀው በቅጠሎቹ መሀል ነው። መጀመሪያ አበባውን በብሩሽ ሬዚን ቀቡት። ከዚያ ሞልዱ (ሬዚኑ የሚፈስበት ቅርጽ ማውጫ) ውስጥ፣ ታችኛው ክፍል ላይ ስስ ንጣፍ አፍስሱ፤ መያዝ ሲጀምር አበባውን አስቀምጡና ቀሪውን ደፉበት።

ላዩ ሳይጠነክር የሚያጣብቅ ሆነ

እዚህ አበባው ምንም አላጠፋም። ወይ የሬዚኑና የማጠንከሪያው ልክ ተዛብቷል፣ ወይ ክፍሉ ቀዝቅዟል። የሐምሌ ሌሊት ለሬዚን አይሆንም፤ ከ22 እስከ 25 ዲግሪ ይፈልጋል። የሬዚኑን ጠርሙስ ክዳኑን እንደዘጋችሁ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቁሙት፣ ከዚያ በደንብ አድርቁት። አንዲት ጠብታ ውሃ ከገባች ያው ጉም ይመለሳል። ጓንት አትርሱ፤ መስኮትም ክፈቱ፣ ብርዱን ቻል አድርጋችሁ።