ለወንጌል ተልእኮ ወደ ውጭ አገር ከመሄድዎ በፊት እንዴት ይዘጋጃሉ?

ለወንጌል ሥራ ወደ ሌላ አገር የመሄድ ሸክም ያደረበት ሰው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያስበው ስለ ፓስፖርትና ስለ ቲኬት ነው፤ እነዚህ ግን ከዝግጅቱ ሁሉ ቀላሎቹ ናቸው። የሚከብደው ከላኪዋ ቤተ ክርስቲያን ጋር የሚደረገው ስምምነት ሲሆን፣ እርሱንና ቋንቋውን በአግባቡ ለመጨረስ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል።

1. ጥሪዎን ያስመዝኑ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 13 በርናባስና ሳውል የተላኩት በአንጾኪያ ጉባኤ ውስጥ እያገለገሉ ሳለ፣ ከተጾመና ከተጸለየ በኋላ፣ እጅ ተጭኖባቸው ነው። እርስዎም ነገሩን ለሽማግሌዎች አቅርበው እንዲመዝኑት ጊዜ ይስጧቸው፤ «ትንሽ ቆይ» ካሉዎትም ምክንያቱን ጠይቀው ይስሙ። ለጎረቤቱ መስክሮ የማያውቅ ሰው አውሮፕላን ስለ ተሳፈረ ብቻ ሚሲዮናዊ አይሆንም።

2. እዚሁ አገር ውስጥ ይለማመዱ። ለምሳሌ ሐሳብዎ ደቡብ ሱዳን ከሆነ፣ ጋምቤላ ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ስላሉ፣ ከአካባቢው አብያተ ክርስቲያናት ጋር ተነጋግረው ጥቂት ወራት በዚያ ማገልገል ይችላሉ። የኑዌር ቋንቋን በዚያው መጀመር ይቻላል፤ ወደ ጁባ ለሚሄድ ግን የከተማዋ መግባቢያ የሆነው የጁባ ዐረብኛ ይቀድማል። የሚጠቅመው የቃላት ዝርዝር መሸምደድ ሳይሆን አንድ ተናጋሪ አጭር ታሪክ እንዲነግርዎ ጠይቆ በስልክ መቅዳት፣ ቀረጻውን ደጋግሞ መስማት፣ በማግስቱም ታሪኩን ለራሱ ለተናጋሪው መልሶ መተረክ ነው። እርሱ ሲስቅ የት እንደ ሳቱ ያውቃሉ። በአስተርጓሚ መስበክ ለአንድ ሳምንት ጉብኝት ይበቃል፤ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ በሽተኛ ለማጽናናት ግን አይሆንም።

3. ስምምነቱን በጽሑፍ ያድርጉ። ይህ ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚሰጠው ክፍል ነው። ወንድማማቾች በወረቀት መፈራረማቸው እምነት ማጣት የሚመስላቸው አሉ፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ሚሲዮናዊውንና ጉባኤውን የሚያቀያይማቸው ክፉ ልብ ሳይሆን ያልተነገረ ነገር ነው። የአገልግሎቱ ዘመን ስንት ነው? ወርኃዊ ድጋፉን ማን ይልካል፣ በየትኛው ቀን? ቢታመሙ ወጪውን ማን ይሸፍናል? ልጆች የት ይማራሉ? እዚያ ያለው ኃላፊ ማን ነው? ሽማግሌዎቹ ሲቀየሩስ ተተኪዎቹ በቃሉ ይጸናሉ? ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልሱ በወረቀቱ ላይ ይስፈር።

በገንዘቡ ላይ በተለይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በብር ቃል የተገባለት አገልጋይ ምእመናኑ ቃላቸውን ሳያጥፉ ድጋፉ በግማሽ ገደማ ቀነሰበት ማለት ነው። ስለዚህ በጀቱ በሚሄዱበት አገር ዋጋ ይሠራ፣ በየስድስት ወሩም ይከለስ፤ የመመለሻ ቲኬት ዋጋና የጥቂት ወራት ቀለብም ለብቻው ይቀመጥ። በሙያ እየሠሩ ማገልገልም ይቻላል፤ ጳውሎስ በቆሮንቶስ ድንኳን ይሰፋ ነበር። ሥራው ግን እውነተኛ ሥራ ይሁን።

ቀድሞ ስለ መመለስም ይጻፍ። የጳውሎስና የበርናባስ የጉዞ ረዳት የነበረው ዮሐንስ ማርቆስ ትቷቸው ከጴርጌን ወደ ኢየሩሳሌም መመለሱ ኋላ በሁለቱ መካከል ብርቱ ክርክር ያስነሣ ጉዳይ ሆኗል፤ ሆኖም በርናባስ እንደ ገና ይዞት ሄደ። ከጊዜው በፊት የተመለሰ አገልጋይ በመድረክ ላይ እንደ ተሸናፊ እንዳይታይ፣ በምን ሁኔታ እንደሚመለስና ማን እንደሚቀበለው አስቀድሞ መወሰን አለበት።

4. ሕጉን ይጠይቁ። ሕንድ ለሚሲዮናውያን የተለየ የቪዛ ዓይነት ስላላት በቱሪስት ቪዛ ገብቶ መስበክ ሕግ መጣስ ነው። ኔፓል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት ሌላውን ሰው ሃይማኖቱን ማስለወጥን ከልክላለች። እንዲህ ባሉ አገሮች ውስጥ ስሕተቱ የሚያስከፍለው እንግዳውን ብቻ አይደለም፤ እርሱ ተባርሮ ቤቱ ይገባል፣ የአካባቢው ክርስቲያኖች ግን በፖሊስ ፊት ይቀራሉ። ስለዚህ በዚያ ያለችው ቤተ ክርስቲያን የምትለውን ይስሙ፤ የምእመናኗን ፎቶግራፍም ያለ ፈቃዳቸው በፌስቡክም ሆነ በቴሌግራም አይለጥፉ።

5. ጤናዎን ያስመርምሩ። ብዙ የአፍሪካ አገሮች የቢጫ ወባ ክትባት ምስክር ወረቀት ይጠይቃሉ፤ ወረቀቱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አይተዉት። የወባ መከላከያ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ይወሰድ፣ ጥርስም ከመሄድ በፊት ይታከም።

6. በመጨረሻ ሰነዶችዎን ያሰናዱ። ፓስፖርቱ ከጉዞው ቀን በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል ይሁን። የፓስፖርት፣ የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀቶች ቅጂ፣ የቅርብ ዘመድ ስልክና የተፈረመው ስምምነት በቤተ ክርስቲያኒቱ ጽሕፈት ቤት ስሙ በግልጽ በታወቀ አንድ ሰው እጅ ይቀመጥ፤ ከዚህ ሰው ጋርም በየሳምንቱ የምትደዋወሉበትን ቀንና ሰዓት፣ ስልኩ ሳይመጣ ሲቀርም ከስንት ቀን በኋላ ማንን እንደሚጠይቅ ተስማሙ።